ከመሣሪያው በፊት ክፍሉ

ዙሪክም ሆነ ጄኔቫ የቤት ሲኒማ ለመሥራት የተነሣ ሰው ገና ከመነሻው የሚቀርቡለት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ስንት ኢንች ይሁን? አምፕሊፋየሩ ስንት ዋት አለው? ድምፅ ማጉያዎቹ አምስት ናቸው ወይስ አሥራ አንድ? ሻጩም ወዳጁም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ወለሉ ምንጣፍ አለው ወይ፣ ሶፋው ከግድግዳው ምን ያህል ይርቃል፣ ከታች ባለው ፎቅ ማን ይኖራል ብሎ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ከዚህ ዝምታ በስተጀርባ ጥሩ ምስልና ጥሩ ድምፅ በካርቶን ታሽገው ይመጣሉ የሚል እምነት አለ። እምነቱ የተስፋፋ ነው። ስሕተትም ነው፤ ሰው ደክሞ ያገኘውን ፍራንክ የሚበላ ስሕተት።

ይህን የሚያምኑ ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ ክርክራቸውም እንደ ወጉ መቅረብ አለበት። የመሣሪያው እድገት እውነት ነው ይላሉ። ኦሌድ ስክሪን እያንዳንዷን ነጥብ ለብቻዋ ያበራል፣ ለብቻዋ ያጠፋል፤ ጥቁሩ በእርግጥ ጥቁር ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለሲኒማ ቤቶች የቀረበው ዶልቢ አትሞስ በ2014 ወደ መኖሪያ ቤት ገብቶ ድምፅን ከራስ በላይ አምጥቷል። አምፕሊፋየሩ ራሱ በማይክሮፎን ክፍሉን አዳምጦ ጉድለቱን ያርማል። ከሁሉ የሚከብደው ክርክራቸው ደግሞ የኪራይ ነገር ነው። ከስዊዘርላንድ ነዋሪ አብዛኛው ተከራይ ነው፤ በ2024 ዙሪክ ከተማ ውስጥ ክፍት የነበረው ቤት ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። የአገሪቱ የግዴታዎች ሕግ በአንቀጽ 260ሀ ተከራይ ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ቤቱን እንዳይለውጥ ይከለክላል። ታዲያ በሰው ክፍል ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይባላል? መሣሪያው ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

ክርክሩ ጠንካራ ይመስላል። ቁጥር ሲወጣበት ግን አንድ በአንድ ይፈርሳል።

ከምስሉ ይጀመር። በዲጂታል ሲኒማ ደረጃ ከስክሪኑ ወደ ተመልካቹ የሚመለሰው የነጭ ብርሃን 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር ነው። አንድ ሰው በቤቱ ፕሮጀክተር ይህንኑ ብርሃን አገኘ እንበል፤ ካርቶኑ ላይም የጥቁርና የነጩ ልዩነት አንድ ሚሊዮን ለአንድ ነው ተብሎ ተጽፏል። አሁን ሳሎኑ ውስጥ ስክሪኑ ላይ የሚያርፍ 10 ሉክስ ብርሃን ብቻ ይኑር፤ አንዲት ሻማ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ የምትሰጠው ያህል ነው። ነጩ ስክሪን ይህን መልሶ ሲያንጸባርቅ ከ3 ካንዴላ በላይ ይሆናል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ በታች የሚወርድ ጥቁር የለም። ያ ብርሃን በ48ቱ ላይ ተደምሮ ለራሱ ሲካፈል ውጤቱ 16 ለ 1 ነው። አንድ ሚሊዮኑ የት ገባ? ክፍሉ በላው። ፕሮጀክተሩን በእጥፍ ዋጋ መለወጥም የበላውን አያስመልስም፤ ምክንያቱም ጥቁሩን የሚወስነው ማሽኑ ሳይሆን መብራቱና ግድግዳው ነው።

በእነዚህ ከተሞች የኪራይ ቤት ግድግዳ በአብዛኛው ነጭ ነው። መብራቱ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ የፊልሙ የራሱ ብርሃን ከነጩ ግድግዳና ከጣሪያው ተመልሶ ስክሪኑን ያገረጣዋል። መፍትሔው ግን ቀለም አይጠይቅም። በሐዲድ ላይ የሚሄድ ጥቁር ወፍራም መጋረጃ ይበቃል፤ ከስክሪኑ ግራና ቀኝ ሁለት ሜትር ያህል መሸፈን ምስሉን ይለውጠዋል። የውጪውን ብርሃን ለመከልከል ደግሞ ብዙ የስዊስ አፓርታማ ከመስኮቱ ውጪ ወደ ታች የሚወርድ መዝጊያ አለው፤ ኪራዩ ውስጥ የተካተተ ጨለማ ነው።

ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ይህ እኔን አይመለከተኝም ይል ይሆናል። በከፊል እውነቱን ነው፤ ኦሌድ በደብዛዛ ብርሃን ከፕሮጀክተር ይሻላል። ነገር ግን እርሱም በተራው የሚከፍለው ለማያየው ነገር ነው። ጤነኛ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው አንድ ስልሳኛ ዲግሪ ያህል ልዩነት ሲኖር ነው። የ65 ኢንች ስክሪን ከፍታ 81 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ሲሰላ የፎር ኬ ነጥቦች ሙሉ በሙሉ የሚታዩት ተመልካቹ ወደ 1.3 ሜትር ሲጠጋ ነው፤ ከ2.6 ሜትር ወዲያ የተቀመጠ ሰው በነጥብ ብዛት ብቻ ፎር ኬውን ከፉል ኤችዲ አይለየውም። የኤይት ኬ ስክሪን ደግሞ 65 ሳንቲ ሜትር ላይ መቀመጥን ይጠይቃል። በሳሎኑ ውስጥ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ደግኖ ፊልም የሚያይ ማን ነው? ስለዚህ ነጥብ ከመቁጠር በፊት ርቀቱ ይለካ። ከ3 ሜትር ላይ ስክሪኑ የዓይንን 30 ዲግሪ እንዲሞላ 73 ኢንች ያህል ያስፈልጋል፤ 40 ዲግሪ እንዲሞላ ወደ 100 ኢንች ይጠጋል። በሌላ አነጋገር 65 ኢንቹን ሳይለውጡ ሶፋውን አንድ ሜትር ወደ ፊት መሳብ ከአዲስ ቴሌቪዥን የበለጠ ይሠራል፤ ዋጋውም ዜሮ ነው።

እዚህ ላይ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ጄኔቫ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የመንግሥታቱ ማኅበርና በ1936 አፄ ኃይለ ሥላሴ ያደረጉት ንግግር ከተማ ናት። ለድምፅና ለምስል ባለሙያ ደግሞ የደረጃ ከተማ ናት። የዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው፤ የፎር ኬ ቀለም የተወሰነበት ቢቲ 2020 በ2012፣ የዛሬው ኤችዲአር የቆመበት ቢቲ 2100 በ2016 የወጡት ከዚህ ተቋም ነው። ድምፅ ማጉያዎች በአድማጩ ዙሪያ እንዴት እንደሚቆሙ የሚናገረው ቢኤስ 775ም የእርሱ ነው። የድምፅ መጠንን በ2010 በአር 128 ሥርዓት ያስያዘው የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት ጎረቤቱ ነው፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም እንዲሁ። ሰነዶቹ ስለ ማዕዘን፣ ስለ ርቀት፣ ስለ ክፍሉ ብርሃን ይናገራሉ፤ የትኛው ድርጅት ዕቃ ይገዛ ስለሚለው አንድም ቃል የላቸውም። የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረቱ ሰነዶች ማንም በነጻ አውርዶ ሊያነባቸው ይችላል። ከእነዚህ ሕንጻዎች በትራም በሚደረስ ርቀት የሚኖር ሰው ግን ሰነዶቹ እንዳልተጻፉ ሆኖ ይሸጥለታል!

ቢኤስ 775 ምን ይላል? አንድ ድምፅ ማጉያ ከፊት መሐል፣ ሁለቱ በ30 ዲግሪ ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ከአድማጩ ትንሽ ወደ ኋላ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ፤ ሁሉም ከአድማጩ እኩል ርቀት። አምስት ብቻ ናቸው። አሁን የብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ሳሎን ይታሰብ፤ እንግዳ በዛ ሲል እንዲበቃ ሶፋው በግድግዳ ዙሪያ ተደርድሯል፤ ቡናው መሐል ላይ ይፈላል። ይህ ለእንግዳ የተሠራ ክፍል ነው፤ ክብሩም ይገባዋል። ለፊልም ግን የአድማጩ ጀርባ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከኋላ የሚመጣ ድምፅ ከየት ይመጣል? ባለቤቱ ግን ሶፋውን ሳይነካ ከአምስት ወደ አሥራ አንድ ድምፅ ማጉያ ያድጋል። አትሞስ በመኖሪያ ቤት እስከ 34 ድምፅ ማጉያ ድረስ ይፈቅዳል፤ በ20 ካሬ ሜትር ሳሎን ውስጥ ያለ ቦታቸው የተሰቀሉ አሥራ አንድ ማጉያዎች ከየአቅጣጫው የሚመጣ ጫጫታ እንጂ ሌላ አይሆኑም። ሶፋውን ለፊልሙ ሰዓት ብቻ ከግድግዳው አንድ ሜትር መሳብ፣ ሲያበቃ መመለስ ይቻላል። በዚህ የሚቀየም እንግዳ የለም።

ብዛት ጥራት አለመሆኑን ለማሳየት ከዙሪክ ጠርዝ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቪሊ ሽቱደር በ1948 የመሠረተው ድርጅት በሬገንስዶርፍ የቴፕ መቅረጫ ይሠራ ነበር። ቢትልስ በ1967 ያወጡት የሳርጀንት ፔፐር አልበም ለንደን ውስጥ የተቀረጸው በሽቱደር ጄ37 ላይ ነው፤ ያ ማሽን የነበረው አራት መስመር ብቻ ነው። ጄኔቫም የራሷ ምስክር አላት። በግንቦት 1954 የሸክላ አሳታሚው የዴካ መሐንዲሶች በ1894 በተከፈተው ቪክቶሪያ ሆል ኤርነስት አንሰርሜ የሚመራውን የስዊስ ሮማንድ ኦርኬስትራ በስቴሪዮ ቀረጹ፤ የድርጅቱ መደበኛ የስቴሪዮ ቀረጻ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሥልታቸው ዋልታ ሦስት ማይክሮፎን ነበር። ቀሪውን የሠራው አዳራሹ ነው፤ የዚያ ዘመን የቪክቶሪያ ሆል ሸክላዎች እስከ ዛሬ በሰብሳቢዎች ይፈለጋሉ።

አዳራሽና ሳሎን አንድ አይደሉም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ልክ ነው፤ ተቃውሞው ግን ይህንኑ አቋም ያጠናክራል። የቪክቶሪያ ሆል ድምፅ ቀረጻው ውስጥ አብሮ ገብቷል። ሳሎኑ የራሱን ማስተጋባት ከላዩ ሲጭንበት አድማጩ የሚሰማው ጄኔቫን ሳይሆን የራሱን ባዶ ግድግዳ ነው። በፊልምም እንዲሁ፤ ተዋናዩ ምን እንዳለ አልሰማ አለኝ ብሎ የሚያማርረው ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ የመሐል ድምፅ ማጉያ ይገዛል። የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረቱ ቢኤስ 1116 ለጥንቃቄ ማዳመጫ ክፍል የሰጠው ስሌት አለ፤ 5 በ4 ሜትር ሆኖ ጣሪያው 2.5 ሜትር ለሆነ ክፍል ድምፅ ለመሞት የሚፈጅበት ጊዜ 0.2 ሴኮንድ ያህል እንዲሆን ይመክራል። ፓርኬ ወለል፣ ሰፊ መስታወትና ባዶ ግድግዳ ባለው ሳሎን ውስጥ ይህ ጊዜ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይረዝማል። አንዱ ቃል ሳይሞት ሌላው ይመጣበታል። ይህን የሚገድለው ወፍራም ምንጣፍ፣ ከባድ መጋረጃና በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ ነው።

ወደ ወፍራሙ ድምፅ፣ ወደ ቤዙ ሲመጣ ነገሩ ይከፋል። የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ 343 ሜትር ነው። በዚያው ክፍል ውስጥ 34 ኸርዝ በአምስት ሜትሩ፣ 43 ኸርዝ በአራት ሜትሩ፣ 69 ኸርዝ በጣሪያና በወለሉ መካከል እየተመላለሰ ራሱን ያጎላል። የኮንክሪት አፓርታማ ግድግዳ ይህን ድምፅ አይውጥም፤ መልሶ ይወረውረዋል። ውጤቱ አንደኛው ወንበር ላይ ፍንዳታው ደረት የሚመታ፣ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ያለው ላይ ደግሞ ከነጭራሹ የጠፋ መሆኑ ነው። ልዩነቱ 20 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ የተለመደው ምክር ምንድን ነው? ትልቅ ሰብዎፈር፣ ማለትም የቤዝ ማጉያ፣ ግዛ! የድምፅ መሣሪያ ሠሪው የሐርማን ተመራማሪ ቶድ ዌልቲ በ2002 ያሳየው ሌላ ነው፤ ትይዩ በሆኑ ሁለት ግድግዳዎች መካከለኛ ነጥብ ላይ የቆሙ ሁለት ሰብዎፈሮች ቤዙን ለሁሉም ወንበር ያቀራርባሉ፤ ከአራት በላይ መጨመር የሚያመጣው ጥቅም ግን ጥቂት ነው። ሁለት ትንንሾች በትክክለኛ ቦታቸው፣ ጥግ ላይ የተወሸቀን አንድ ግዙፍ ይበልጣሉ።

አምፕሊፋየሩ ራሱ ያርመዋል የተባለውስ? ያበጠውን ቤዝ በመቀነስ በኩል በእርግጥ ይረዳል፤ ይህን መካድ ሐቀኝነት አይደለም። የጠፋውን ግን አይመልስም። በአንድ ወንበር ላይ የጎደለውን 12 ዴሲቤል ለመሙላት 16 እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያም ጉልበት ከግድግዳው ተመልሶ በሚመጣው ሞገድ መልሶ ይሰረዛል። የንግግሩን ማስተጋባትማ አይነካውም፤ ከማጉያው የወጣን ቃል ግድግዳ እንዳይመልሰው የሚያደርግ ኮምፒውተር የለም።

ስለ ዋት የሚነገረው ደግሞ በስዊዘርላንድ ከየትም በላይ ባዶ ነው። ከ100 ወደ 200 ዋት መሄድ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆነ እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም የአሥር እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። ያን ጉልበትስ መቼ ሊጠቀምበት ነው? በአብዛኛው ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምሮ የሌሊት ጸጥታ ነው። የግዴታዎች ሕጉ አንቀጽ 257ረ ተከራይ ለጎረቤቱ እንዲጠነቀቅ ያዛል፤ በጽሑፍ ተጠይቆ እንቢ ያለ ውሉ ሊቋረጥበት ይችላል። ክፍት ቤት እምብዛም በማይገኝበት ከተማ በሰብዎፈር ምክንያት ቤት ማጣት!

የአፓርታማ ሲኒማ የሚሠራው ለዝቅተኛ ድምፅ መሆን አለበት። በዝቅተኛ ድምፅ ጆሮ ቤዝን ከሌላው አብልጦ እንደሚያጣ አይኤስኦ 226 በመስመር አስቀምጦታል፤ ይህን የሚያካክስ ማስተካከያ በመካከለኛ ዋጋ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ሳይቀር አለ፤ ብዙው ሰው አይከፍተውም። አንድ ሰብዎፈር ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ያንን ከስክሪኑ ሥር አንሥቶ ከሶፋው አጠገብ፣ ንዝረት በሚውጥ ንጣፍ ላይ ማስቀመጥ ሌላው ነው፤ ለአድማጩ ስለቀረበ በትንሽ ጉልበት ይሰማል፣ ለጎረቤቱም የሚተርፈው ይቀንሳል። ከዚያ ጸጥታው። ከኩሽናው ማቀዝቀዣ፣ ከፕሮጀክተሩ ማራገቢያ፣ ከመስኮቱ ክፍተት የሚመጣው ድምፅ ከ40 ወደ 30 ዴሲቤል ቢወርድ ከዚያ በፊት ተሸፍኖ የነበረው ሹክሹክታ ይሰማል። አሥሩን ዴሲቤል በአምፕሊፋየር ለማግኘት አሥር እጥፍ ዋት መግዛት ያስፈልግ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል እውነተኛ የቤት ሲኒማ የሚኖረው እንደ ኮሎኒና ኩስናኽት ባሉ የባለጸጋ መንደሮች ቪላ ያለው ሰው ነው የሚል ተስፋ መቁረጥ ይሰማል። ቪላው የሚሰጠው ከጎረቤት መገላገልን ነው፤ መልካም ድምፅን አይደለም። በአገሪቱ ብዙ ቤቶች ሥር በሲቪል መከላከያ ሕግ የተሠራ የኮንክሪት መጠለያ አለ፤ በሰላም ጊዜ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ምድር ቤት ወደ ሲኒማ የሚለውጥ ሰው ያለ መስኮት፣ በስድስት ጎኑ ኮንክሪት የሆነ ሣጥን ውስጥ ውድ ዕቃ ይደረድራል። ለቤዝና ለማስተጋባት ከዚህ የከፋ ክፍል ማግኘት ይከብዳል። በዙሪኩ አውሰርዚል ሰፈር ምንጣፍና መጻሕፍት ያለው የኪራይ ሳሎን ይበልጠዋል።

አሁን ወደ ኪራዩ። ክፍሉ የእኔ አይደለም የሚለው ክርክር ክፍሉን ማስተካከል ማለት ግድግዳ ማፍረስ ነው ብሎ ያስባል። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ መደርደሪያው፣ የሶፋው ቦታ፣ ከአከራዩ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር የለበትም፤ ሁሉም በጭነት መኪና ይሄዳል። ስዊሶቹ ራሳቸው ይህን በትልቁ አድርገውታል። የዙሪክ ኮንሰርት አዳራሽ ቶንሀለ ለእድሳት ሲዘጋ ኦርኬስትራው በ2017 የገባው ማግ በተባለ የቀድሞ የጥርስ ማርሽ ፋብሪካ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ በፋብሪካው ሆድ ውስጥ ከእንጨት የተሠራ፣ ከ1,200 ሰው በላይ የሚይዝ ጊዜያዊ አዳራሽ ተተከለ። ድምፁ በጣም ከመወደዱ የተነሣ ኦርኬስትራው በ2021 ወደ ቤቱ ሲመለስ ያዘኑ ነበሩ። በይቨርዶን ያለው ፒ.ኤስ.አይ ኦዲዮ ደግሞ ከሎዛኑ ፌዴራል ፖሊቴክኒክ ጋር በተደረገ ምርምር አቫ የተባለ መሣሪያ አውጥቷል፤ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ጥግ ላይ ይቆማል፣ በግምት ከ15 እስከ 150 ኸርዝ ያለውን የክፍል ቤዝ ይውጣል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን በዚያው ዋጋ የሚገዛ ሌላ ሰብዎፈር ይህን አያደርግም፤ ተከራዩ ሲለቅም ተሸክሞት ይሄዳል።

ታዲያ እምነቱ ለምን አይሞትም? ዓይን በጆሮ ላይ ስለሚፈርድ ነው። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ በ1994 ባሳተሙት ሙከራ አድማጮች ድምፅ ማጉያዎቹን እያዩና ሳያዩ ነጥብ ሰጥተው ነበር፤ ሲያዩ የሰጡት ነጥብ ሳያዩ ከሰጡት ተለየ፤ የማጉያው ቦታ መለወጥ በድምፁ ላይ ያመጣውን ለውጥም እያዩ ሲፈርዱ ሳቱት። ልምድ ያላቸውም አላመለጡም። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ይታያል፤ 0.2 ሴኮንድ አይታይም። ይህ በሆርገን የሚሠራውን የፒዬጋ ድምፅ ማጉያ ወይም የሌላውን የስዊስ ድርጅት የናግራን የድምፅ ማሽን ማናናቅ አይደለም፤ በእነዚያ እጆች የተሠራ ዕቃ ክብር ይገባዋል፤ ክብሩም የሚገባውን ክፍል መስጠት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ የሚታሰብ ክፍል ሁልጊዜ ዕቃ እንደተለወጠበት ይኖራል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ መቀመጫው ይወሰን፤ ከዚያ ጨለማው፣ ከዚያ ምንጣፉና መጋረጃው፣ ከዚያ በርካሽ የመለኪያ ማይክሮፎን ቤዙ ይለካ። ድምፅ ማጉያ የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ከሁሉም በኋላ፣ ርቀቱ የሚፈቅደውን ያህል። በዙሪኩ ባንሆፍሽትራሰም ሆነ በጄኔቫው ሩ ዱ ሮን ጎዳና ላይ ይህን ሳይጠይቅ ዋጋ የሚጠራ ሻጭ ሲያጋጥመው፣ ገዢው የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ፣ የሶፋውንም ቦታ በወረቀት ላይ አኑሮ ዕቃው ለዚያ ክፍል እንዴት እንደተመረጠ በጽሑፍ መልስ ይጠይቅ። መልሱ እስኪመጣ አንድ ፍራንክም አይክፈል።